ሁለት መንገድ፣ አንድ መድረክ፤ የግናዋ ሙዚቃና ብሉዝ የተገናኙበት ታሪክ

ከሰሐራ በረሓ በስተ ደቡብ ከተዘረጋው የሣህል ምድር በባርነት የተነዱ ሰዎች በሁለት መንገድ ወጡ። አንደኛው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አትላንቲክ ጠረፍ ወርዶ በመርከብ ሆድ ውስጥ ካለፈ በኋላ በአሜሪካ የጥጥና የሩዝ እርሻ ላይ የሚያበቃው መንገድ ነው። ሁለተኛው ወደ ሰሜን በግመል ቅፍለት በረሓውን አቋርጦ ወደ ማራካሽና ወደ ፌዝ ገበያ የሚያደርሰው ነው። የፊተኛው መንገድ ልጆች ከብዙ ትውልድ በኋላ ብሉዝ የተባለውን ዘፈን ወለዱ። የኋለኛው መንገድ ልጆች ግናዋ ተባሉ፤ ሙዚቃቸውም በዚሁ ስም ተጠራ። ሁለቱ ቅርንጫፎች በአንድ መድረክ ላይ ፊት ለፊት የተያዩት ግን ገና በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ መገናኘት ብዙውን ጊዜ የተጠፋፉ ወንድማማቾች መተቃቀፍ ተደርጎ ይተረካል። ትረካው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ዋናውን ጥያቄ ይሸፍነዋል። ግናዋ ለመድረክ ተብሎ የተሠራ ሙዚቃ አልነበረም፤ ባለቤት፣ ሰዓትና ሥርዓት ያለው የፈውስ ሌሊት ነው። ስለሆነም ከብሉዝ ጋር መቀላቀሉ ሲነሣ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ ከዚያ ሌሊት ምኑ ወጥቶ በሕዝብ ፊት ሊቀርብ ይችላል፣ ፈቃዱንስ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው።

ወደ ሞሮኮ የሚወስደው የባሪያ ንግድ መንገድ ጥንታዊ ቢሆንም ሁለት የታሪክ ድርጊቶች አስፍተውታል። በ1591 የሱልጣን አሕመድ አል መንሱር ጦር በረሓውን አቋርጦ በቶንዲቢ ላይ የሶንጋይን ሠራዊት ድል ካደረገ በኋላ ከቲምቡክቱና ከጋዎ ወርቅና ምርኮኛ ወደ ማራካሽ ተጋዘ። ከ1672 እስከ 1727 የገዛው ሱልጣን ሙላይ ኢስማዒል ደግሞ በጥቁር ወታደሮች የተገነባ ታላቅ ሠራዊት አቋቋመ። የእነዚህ ወታደሮች፣ የቤት አገልጋዮችና የእርሻ ሠራተኞች ዝርያዎች ከባምባራ፣ ከሐውሳ፣ ከፉላኒና ከሶኒንኬ የመጡ ነበሩ። በጊዜ ብዛት ዐረብኛ ተናጋሪ ሆኑ፤ እምነታቸውም እስልምና ነው። የአያቶቻቸው ቋንቋ ግን ከአፋቸው ሲጠፋ ከዜማቸው አልጠፋም፤ ዘማሪዎቹ ራሳቸው ትርጉማቸውን የማያውቋቸው የባምባራና የሐውሳ ቃላት እስከ ዛሬ በመዝሙሮቹ ውስጥ ተሰግስገው ይገኛሉ።

መንፈሳዊ አባት አድርገው የሚጠሩት ከሣህል የመጣ ሰው አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። እርሳቸው ቢላል ኢብን ረባሕ ናቸው፤ በመካ በባርነት የኖሩ፣ ትውልዳቸው ከሐበሻ የሆነ፣ ነጻ ወጥተው የእስልምና የመጀመሪያው ሙአዚን ለመሆን የበቁ። በአትላንቲክ ዳርቻ በምትገኘው በኤሳዊራ ከተማ የግናዋዎች መሰብሰቢያ የሆነው ዛዊያ የሚጠራው በእኚሁ በሲድና ቢላል ስም ነው። በሥጋ ዝምድና ሐረግ ከተሄደ ምዕራብ ሣህልንና ሐበሻን የሚያገናኝ ነገር የለም። ግናዋዎች ግን የመረጡት የደም ሐረግ አይደለም፤ በባርነት ገብቶ በድምፁ የከበረ ሰው ነው። ይህን ምርጫ ያልተረዳ ሰው፣ ለእነርሱ ዜማ ከመዝናኛ በላይ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ይቸገራል።

የሙዚቃቸው እምብርት ጊምብሪ ነው፤ ሲንቲር ወይም ሃጅሁጅም ይባላል። አካሉ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በግመል ቆዳ የተሸፈነ ሲሆን በድቡልቡል አንገቱ ላይ ከፍየል አንጀት የተገመዱ ሦስት አውታሮች ይወጠሩበታል። መቃኛ ቁልፍ የለውም፤ አውታሮቹ የሚቃኙት አንገቱ ላይ የተጠመጠመውን የቆዳ ጠፍር ወደ ላይና ወደ ታች በማንሸራተት ነው። ከሦስቱ አንዱ አውታር አጭር ነው፤ ጣት ሳያርፍበት ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ድምፅ ያሰማል። ተጫዋቹ አውታሩን በሚመታበት እጁ ቆዳውንም ስለሚደልቅ ዜማውም ከበሮውም ከአንድ ሰው ይወጣል። በአንገቱ ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን ቀለበቶች የተንጠለጠሉበት ቀጭን ብረት ይሰካል፤ የሚያሰማው መንሿሿት ጸናጽል ለለመደ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ጊምብሪን የሚጫወተው የቡድኑ አለቃ መዓሌም ይባላል፤ ይኸውም የሙያው ሊቅ ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የሚሰለፉት ተቀባዮች በሁለቱም እጃቸው ጥንድ ጥንድ የሆኑ የብረት መማቻዎችን ይዘው ያጋጫሉ። ቀራቅብ የተባሉት እነዚህ ብረቶች የእግር ሰንሰለትን ድምፅ የሚያስታውሱ ናቸው የሚል ትርጓሜ አላቸው።

እነዚህ ሁሉ የሚሰባሰቡት በሊላ ነው። ሊላ በዐረብኛ ሌሊት ማለት ሲሆን ቃሉ ከአማርኛው «ሌሊት» ጋር ዘመድ ነው። ሥርዓቱ ከምሽት እስከ ንጋት ይዘልቃል። በመጀመሪያ ታላላቅ ከበሮዎች እየተመቱ በመንገድ ላይ ሰልፍ ይደረጋል፤ ቀጥሎ የጨዋታና የጭፈራ ዘፈኖች ይመጣሉ፤ ሌሊቱ ሲገፋ ዕጣን እየጨሰ ምሉክ የተባሉት መናፍስት በየወገናቸው ይጠራሉ። ለእያንዳንዱ ወገን የራሱ ቀለም፣ የራሱ ዕጣንና የራሱ ዜማ አለው። የባሕር ጌታ የሚባለው ሲዲ ሙሳ ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ በእርሱ ዜማ የተያዘ ሰው ውሃ የሞላ ሳሕን በራሱ ላይ አስቀምጦ ይጨፍራል። የዛርን ሌሊት ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይሆንበትም፤ እርግጥ መመሳሰል የአንድ ምንጭ ማስረጃ አይደለም። የታመመውን ሰው የምትከታተለው፣ የትኛው መንፈስ እንደያዘው የምታውቀው ሙቀደማ የተባለችው ሴት ናት። መዓሌሙ ትክክለኛውን ዜማ በትክክለኛው ሰዓት ካላመጣ ወይም መሐል ላይ ካቋረጠ በሰውየው ላይ ጉዳት ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። ጊምብሪ የሚመታው ለጆሮ ብቻ አለመሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ወደ አሜሪካ የሄደው መንገድ ዕጣው ሌላ ነበር። በደቡብ ካሮላይና በ1739 የስቶኖ ዐመፅ ከተነሣ በኋላ በ1740 የወጣው ሕግ ባሮች ከበሮና መለከት እንዳይጠቀሙ ከለከለ፤ ድምፁ ለዐመፅ መጠራሪያ ይሆናል ተብሎ ተፈርቶ ነበርና። ባለ አውታር መሣሪያ ግን የጌታውን ጆሮ ስለሚያስደስት ታለፈ፤ ከምዕራብ አፍሪቃ ባለ ቆዳ መሣሪያዎች የተወለደው ባንጆም በዚህ ምክንያት ኖረ። ብሉዝ የሚባለው ዘፈን ከባርነት ማክተም በኋላ በደቡቡ ክፍል ሲበቅል የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጽሑፍ አልተመዘገቡም። ደብልዩ ሲ ሃንዲ በ1903 ገደማ በሚሲሲፒ ባለች በተትዊለር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ አንድ ሰው ቢላዋ በጊታር አውታር ላይ እያንሸራተተ ሲጫወት እንደሰማ ጽፏል። ሃንዲ ራሱ በ1912 የሜምፊስን ብሉዝ አሳተመ፤ በ1920 የሜሚ ስሚዝ ሸክላ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የታወቀ ነው።

ምሁራን ሁለቱን መንገዶች ማያያዝ የጀመሩት ዘግይተው ነው። እንግሊዛዊው የብሉዝ ታሪክ ጸሐፊ ፖል ኦሊቨር በ1970 ባሳተመው ጥናት የብሉዝ ምንጭ በጊኒ ጠረፍ ከበሮዎች ሳይሆን በሣህል ባለ አውታር መሣሪያዎች ዘንድ ሊፈለግ እንደሚገባ አመለከተ። ኦስትሪያዊው ጌርሃርድ ኩቢክም በ1999 ይህንኑ ሐሳብ በሰፊ የመስክ ልምድ አጠናከረ። ይህ ማለት ግን ብሉዝ ከግናዋ ተወለደ ማለት አይደለም። ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው ቢባል ይቀርባል፤ ያደጉትም በተለያየ ቤት ነው። ሁለቱም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ስላላቸው አንድ ናቸው የሚለው የተለመደ አባባልም ብዙ አያስኬድም፤ እንዲህ ያለ ቅኝት ከቻይና እስከ ጎንደር ይገኛልና። ጠንከር ያለው ምስክር አጨዋወቱ ነው። ቆዳውን ከአውታሩ ጋር አብሮ የሚመታው እጅ፣ ሳያቋርጥ የሚደጋገመው ዝቅተኛ ድምፅ፣ የአጭሩ አውታር አገልግሎት፣ የአውጪና የተቀባይ ሥርዓት፣ እነዚህ ሁሉ በአሮጌው ባንጆና በሚሲሲፒ ጊታር ላይም ይሰማሉ።

ታሪኩን ከጥናት ወደ መድረክ ያመጣው ራንዲ ዌስተን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ፒያኖ ተጫዋች ነው። ዌስተን በ1926 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ተወለደ። አባቱ ከካሪቢያን ወገን ሲሆን፣ አፍሪቃዊ መሆኑን እንዳይረሳ እየነገረ አሳደገው፤ እናቱ የቨርጂኒያ ሰው በመሆኗ የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን ዜማ ከእርሷ ወረሰ። በ1967 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከጓዶቹ ጋር ወደ ብዙ የአፍሪቃ አገሮች ላከው፤ ከጉዞውም በኋላ ወደ ሞሮኮ ተመልሶ በታንጂር ከተማ ተቀመጠ፤ እስከ 1972 ድረስም የአፍሪቃ ምት የሚል ስም የሰጠውን የሙዚቃ ቤት እዚያ አስተዳደረ። አብደላ ኤል ጉርድ ከተባለው የታንጂር ግናዋ ጋር የተዋወቀው በዚያ ዘመን ነው። ኤል ጉርድ በአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ የታንጂር ማሠራጫ ጣቢያ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነበር። ቀን የአሜሪካን ድምፅ ለዓለም ከሚያሠራጩት አንዱ የሆነው ሠራተኛ፣ ማታ ከአሜሪካ ለመጣው እንግዳ የራሱን ወገኖች ድምፅ አሰማው። ዌስተን የጊምብሪውን ድምፅ ሲሰማ ብሉዙንም፣ ጃዙንም፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ዜማ በአንድነት የሰማ እንደመሰለው በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለርእሱ ከሁሉ የበለጠ ክብደት አለው። ዌስተን በሲዲ ሙሳ ዜማ ላይ የተመሠረተ ድርሰት በሕዝብ ፊት ሊጫወት በፈለገ ጊዜ ከታንጂር ግናዋዎች አለቃ ፈቃድ ጠየቀ። መልሱ አይሆንም የሚል ነበር፤ ዜማው የተቀደሰ ነውና ለአደባባይ አይሆንም ተባለ። ዌስተን ራሱ እንደተረከው አንድ ዓመት ያህል ሳይጫወተው ቆየ፤ ከዚያም ተመልሶ ጠየቀ፤ በመጨረሻም ተፈቀደለት። በእነዚያ ዓመታት ከምዕራብ የመጣ ሙዚቀኛ ከአፍሪቃ ያገኘውን ዜማ ያለ ጠያቂ ይወስድ ነበር፤ የሚከለክለው ሕግም ሆነ ልማድ አልነበረም። የአንድ ዓመት ዝምታ በሸክላ ላይ አይቀረጽም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለተሠራው ሥራ ሁሉ መሠረቱ እርሱ ነበር።

በ1972 የወጣው ሰማያዊ ሙሳ የተባለው ሸክላ ራሱ ግን እንከን አላጣም። ቀረጻው ኒው ጀርሲ ተደረገ፤ አሳታሚው ዌስተንን በኤሌክትሪክ ፒያኖ አስቀምጦ በላዩ ላይ ብዙ የነፋስ መሣሪያዎች አከለበት። ሸክላው በገበያ ጥሩ ቢሸጥም ዌስተን በአቀራረቡ ቅር መሰኘቱን አልደበቀም። በላዩ ላይ አንድም የግናዋ ተጫዋች አልነበረም። ማለትም የመጀመሪያው ታዋቂ ሥራ የግናዋን ዜማ ይዞ ግናዋዎቹን አልያዘም። ይህን ጉድለት ለማረም 20 ዓመት ፈጀ። በ1992 ዌስተን ከልዩ ልዩ ከተሞች የመጡ መዓሌሞችን ማራካሽ ላይ ሰብስቦ አስቀረጸ፤ በዚህ ቀረጻ ፒያኖው በአብዛኛው ዝም ብሎ ጊምብሪዎቹ እንዲናገሩ ተደረገ። በመስከረም 1999 ደግሞ ከአፍሪቃ ምት ጓዶቹና ከግናዋ ሊቃውንት ጋር በብሩክሊን በሚገኘው የላፋዬት ጎዳና የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረው ተጫወቱ፤ ትርኢቱም ተቀርጾ ታትሟል። ቤተ ክርስቲያኑ በ19ኛው መቶ ዓመት በፀረ ባርነት አቋሙ የታወቀ ነው። ሁለቱ መንገዶች የተገናኙበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ሊመረጥ አይችልም ነበር።

ይሁን እንጂ ፈቃድና በጎ ፈቃድ ብቻቸውን ሙዚቃ አያስማሙም። አንድ የብሉዝ ጊታር ተጫዋችና አንድ መዓሌም ጎን ለጎን ሲቀመጡ የመጀመሪያው ግጭት የሚነሣው ከቅርጹ ነው። የተለመደው ብሉዝ በ12 ባር ይከፈላል፤ በሦስት ኮርዶች መካከል እየተመላለሰ ወደ መነሻው ይመለሳል። ጊምብሪ ግን ኮርድ አያውቅም። አንድ አጭር ሐረግ ይዞ በአንድ የድምፅ ማዕከል ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ለውጡ የሚመጣው ሐረጉን በጥቂቱ በመቀየርና ቀስ በቀስ በማፍጠን ነው። ጊታሩ በአምስተኛው ባር ላይ ኮርድ ሲለውጥ ጊምብሪው ባለበት ይቀራል፤ ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳለ የሚሰማው ስሕተት ነው። መውጫው የተገኘው በራሱ በብሉዝ ውስጥ ካለ ጥንታዊ ስልት ነው። በሰሜን ሚሲሲፒ ኮረብቶች የሚዘፈነው ብሉዝና ጆን ሊ ሁከር በ1948 ባስቀረጸው ሸክላ ለዓለም ያስተዋወቀው አጨዋወት ከአንድ ኮርድ ሳይወጡ መጓዝን ይፈቅዳሉ። ከግናዋ ጋር የተሳካላቸው የብሉዝ ተጫዋቾች በአብዛኛው ኮርዳቸውን ትተው ወደዚህ ስልት የተመለሱት ናቸው። እዚህ ላይ የተማረው ትምህርቱን ወደ ጎን አድርጎ ወደ አያቱ አጨዋወት መውረድ ግድ ይሆንበታል።

በምቱ በኩል መስማማቱ ይቀላል። የቀራቅብ ምት ሦስትም አራትም ተብሎ ለመቁጠር የሚያስቸግር፣ በመካከላቸው የሚዋልል ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምርም አከፋፈሉ ይለዋወጣል። የብሉዙ ሸፍል የተባለው አንከስ የሚል ምትም በኖታ ሲጻፍ ሦስት ቢመስልም በሰው እጅ ላይ እንደዚያው የሚዋልል ነው። ከበሮ መቺው ቀራቅቡን በቀጥታ ለመከተል ከመሞከር ይልቅ ቦታ ትቶለት ሲጫወት ነገሩ በራሱ ይገጥማል። ብዙ ቅልቅል ቡድኖች የወደቁት ቀራቅብ እያለ የአሜሪካን ከበሮ በሙሉ ኃይል በመደራረባቸው ነው።

ቅኝቱና የድምፁ ብርታት ደግሞ የዕለት ተዕለት ፈተና ናቸው። የጊምብሪ ቆዳ ሙቀትና እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ይላላል ወይም ይወጠራል፤ እንደ ኤሳዊራ ባለ ነፋስና የባሕር ጤዛ በማይለየው ከተማ አደባባይ ላይ መዓሌሙ በዘፈኖች መካከል ጠፍሩን ሲያንሸራትት መታየቱ የተለመደ ነው። ጊታር ወደ ጊምብሪው ሊወርድለት ይችላል፤ ፒያኖና ሃርሞኒካ ግን ቅኝታቸው የተቆረጠ ስለሆነ መከተል የሚገደደው ጊምብሪው ነው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጠው የጊምብሪ ድምፅ በሜዳ ላይ በቀራቅብ ብረት ይዋጣል። በመሣሪያው ላይ የሚገጠም የድምፅ መሳቢያ መምጣቱ ይህን ቢያቃልልም የቆዳውን የከበሮ ድምፅ አሳንሶ የአውታሩን ድምፅ እንደ ኤሌክትሪክ ቤዝ ማጉላቱ አልቀረም። ዛሬ ጊምብሪን «የአፍሪቃ ቤዝ ጊታር» የሚሉት ሰዎች የሚሰሙት ምናልባት ይህንኑ የድምፅ ማጉያውን ሥራ ነው።

ከዌስተን ሌላ ብዙዎች በዚህ መንገድ ሄደዋል። በካዛብላንካ ናስ ኤል ጊዋን የተባለው ቡድን በ1970ዎቹ የኤሳዊራውን ግናዋ አብደራሕማን ፓኮን ይዞ ጊምብሪንና ባንጆን ጎን ለጎን አሰለፈ፤ የባርነት ሁለቱ መንገዶች ያፈሯቸው መሣሪያዎች በሞሮኮ ወጣቶች ዘፈን ውስጥ ሳይታወጅ ተገናኙ ማለት ነው። የማራካሹ ተወላጅ ሐሰን ሐክሙን በ1987 ኒው ዮርክ ገብቶ ጊምብሪን ከሮክና ከጃዝ ጋር አስማማ። በ1994 ሳክስፎን ተጫዋቹ ፋራዎ ሳንደርስ ከመዓሌም ማሕሙድ ጊኒያ ጋር በኤሳዊራ የቀረጹት ሥራ ታተመ፤ በዚያው ዓመት ብሉዝን የሮክ መሠረት ያደረጉት እንግሊዛውያን ጂሚ ፔጅና ሮበርት ፕላንት በማራካሽ ከግናዋዎች ጋር ተቀረጹ። የሣሌው ማጂድ በቃስ ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአፍሪቃ ግናዋ ብሉዝ የሚል አልበም አውጥቶ ጊምብሪንና ጊታርን በአንድ ሰው እጅ አዋለ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚወራለት ግን ምንም ያልቀረጸው ጂሚ ሄንድሪክስ ነው። በ1969 በጋ ለጥቂት ቀናት ኤሳዊራን ጎበኘ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ አሸዋ ግንብ የዘፈነውን ዘፈን እዚያ ባየው ፍርስራሽ ተነሣሥቶ ደረሰው ይባላል። ዘፈኑ የታተመው በ1967 መሆኑ ወሬውን አላቆመውም።

በኤሳዊራ የግናዋና የዓለም ሙዚቃ ፌስቲቫል የተጀመረው በ1998 ነው። እንግዶች ሙዚቀኞች ከመዓሌሞች ጋር ለቀናት ተለማምደው አብረው እንዲቀርቡ ማድረጉ ከብዙ ፌስቲቫሎች የተሻለ ሥርዓት ነው። የጥቅሙን ያህል ዋጋም አስከፍሏል። ቀድሞ የባሪያ ልጆች፣ የመንገድ ለማኞች እየተባሉ ይናቁ የነበሩ ቤተሰቦች ዛሬ ስማቸው በአውሮፓ መድረኮች ይጠራል፤ ከሙያቸውም ይኖራሉ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላው ወገን እስከ ንጋት የሚዘልቀው ሌሊት ወደ አንድ ሰዓት ያጠረ ትርኢት ተጨምቋል፤ ሙቀደማዋ ከመድረክ ቀርታለች፤ ዕጣኑም የለም። አሜሪካዊቷ ምሁር ዴብራ ካፕቻን በ2007 ባሳተመችው መጽሐፍ መናፍስቱ ከሊቃውንቱ ጋር ወደ ዓለም ገበያ ሲጓዙ የሚሆነውን በዝርዝር መርምራለች። ከመዓሌሞቹ መካከል በመድረክ ላይ የጨዋታውን ክፍል ብቻ አቅርበው የምሉክን ዜማ ለቤት የሚያስቀሩ አሉ፤ የሚያቀርቡም አሉ። የመጀመሪያዎቹን ወግ አጥባቂ ብሎ መንቀፍ ዌስተን የጠበቀውን ዓመት እንደ ከንቱ መቁጠር ይሆናል። ብሉዝ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር ለብዙ ዘመን በአንድ ቤት ሲጣላ የኖረ ስለሆነ ይህን ዓይነቱን ወሰን ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባ ነበር።

አብደላ ኤል ጉርድ በ1980 በታንጂር ዳር ግናዋ የተባለውን ቤት ከፍቶ ወጣቶችን ማስተማር ጀመረ። ራንዲ ዌስተን በመስከረም 2018 በ92 ዓመቱ ብሩክሊን ውስጥ ዐረፈ፤ በቀጣዩ ዓመት፣ በታኅሣሥ 2019፣ ዩኔስኮ ግናዋን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረ። ከፋራዎ ሳንደርስ ጋር የተጫወተው ማሕሙድ ጊኒያ ይህን አላየም። በ2015 የኤሳዊራ ፌስቲቫል ላይ በሕመም ደክሞ ወጣ፤ በሕዝቡም ፊት ጊምብሪውን ለልጁ ለሑሳም አስረከበ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዐረፈ።